ለሱዴቫን የተነጠፈ ቅጠል

ውድ ወንድሜ ሱዴቫን፣

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ምን ቆርጦኝ! ጤናህን ብጠይቅ አጎታችን «አበደች» ይለኛል፤ ባልጠይቅ ደግሞ አንተ ትቀየመኛለህ። ስለዚህ ጤናህን ዘለልኩት። እኛ ደህና ነን እንዳልልህ ደህና አይደለንም። ደህና የሆኑት ዳክዬዎቹ ብቻ ናቸው። ዝናቡ ቦዩን ስለሞላው እየዋኙ እስከ ጓሮ በራችን ድረስ ይመጡና እማዬን ይጮኹባታል።

ይህ ደብዳቤ የት እንደሚደርስህ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። አሁን ብነግርህ እጄ ይያዝና መጻፉን እተወዋለሁ። መጀመሪያ የትናንቱን ፓያሳም፣ የዚያን የምትወደውን የወተትና የሩዝ ጣፋጭ፣ ነገር ልንገርህ።

ትናንት ኦናም ነበር። ልደትህ ነበር ማለቴ ነው። ያንተ ነገር መቼም አይለያይም። የተወለድክበት ኮከብና የበዓሉ ኮከብ አንድ ሆኖ አገር ምድሩ በልደትህ ቀን ይደግሳል። ትዝ ይልሃል፣ ገና ትንሽ ሳለህ፣ ደጁ ሁሉ በአበባ ተነጥፎ፣ ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ ስታይ «እትዬ፣ ልደቴን ለሰው ሁሉ ማን ነገረው?» አልከኝ። እኔም ክፉ ነበርኩ፣ «ንጉሡ ነው የነገራቸው» ብዬ ሸወድኩህ። ትምህርት ቤት ገብተህ አንዱ ልጅ «በዓሉ የንጉሥ ማሃባሊ እንጂ ያንተ አይደለም» ሲልህ አፍንጫውን አድምተህ መጣህ። እማዬ አንተን ገረፈችህ፤ ቀጥላም እኔን።

ያ ንጉሥ ነው እንግዲህ የሚያናድደኝ። አማልክት ከምድር በታች የገፉት ሰውዬ እንኳ በዓመት አንዴ፣ በኦናም፣ ሕዝቡን ሊያይ ብቅ ይላል። እማዬ በየዓመቱ በበዓሉ ጧት በሩ ላይ ቆማ ቦዩን ስታይ የምታስበው ይህንኑ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አፍ አውጥታ አትናገረውም እንጂ። እኔ ግን እናገረዋለሁ። አንተን ማን ገፋህ? ማንም! በገዛ እግርህ ነው መርከብ የተሳፈርከው። ጀልባ ላይ ተወልዶ መርከብ ካላየሁ ብሎ ያስቸገረ አንተ ብቻ ነህ።

የመርከቡ ሰዎች «ማታ ሥራው ላይ ነበር፤ ጧት ስንነሳ አልነበረም» አሉና ሻንጣህን ላኩልን። ሬሳ የለ፣ አመድ የለ። የትኛው ባሕር እንደሆነ እንኳ በቅጡ የነገረን የለም። እናም ሰው «ሞቷል» ሲለኝ «ማን አየው?» እላለሁ፤ «በሕይወት አለ» የሚለኝ ቢኖርም ያንኑ እጠይቀው ነበር፤ ግን እንደዚያ የሚለኝ ከጠፋ ቆይቷል።

ከሄድክ ወዲህ በየዓመቱ ምን እንደምናደርግ አታውቅም። በልደትህ መብራቱን እናበራና ከመብራቱ ፊት ያንተን የሙዝ ቅጠል እናነጥፋለን። ከወጡም ከሩዙም ትንሽ ትንሽ ይደረግልሃል፤ መጨረሻ ላይ ፓያሳሙ። ከዚያ እማዬ ከቅጠልህ ፊት ቁጭ ትልና ያንተን ድርሻ ትበላልሃለች። ስትጨርስ ቅጠሉን ወደ ራሷ ታጥፈዋለች። «ጠገበ፤ ደግሞ ይመጣል» ማለቷ ነው። እኔም የኔን ወደ ራሴ አጥፌ እነሳለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ወሬ የለም። ያቺ እጥፋት ግን ዓመቱን ታሻግረናለች።

የቅጠል ነገር መቼም አንተ አትረሳውም። አንተ ብትረሳ ጆሮህ አይረሳም! አያታችን ሞቶ በተዝካሩ ላይ ትልልቆቹ ሁሉ ቅጠላቸውን ከራሳቸው አርቀው ወደ ውጪ ሲያጥፉ አየህ። «ይህ ድግስ ወደዚህ ቤት አይመለስ» ለማለት ነው ለሙት እንዲያ የሚታጠፈው። አንተ ግን የጨዋ አበላል መስሎህ በልብህ ያዝከው። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ አጎታችን አቹታን ሚስት ሲያገባ፣ ሙሽሮቹ ፊት ተቀምጠህ፣ በልተህ በልተህ፣ ቅጠልህን እንደ ትልቅ ሰው ኮራ ብለህ ወደ ውጪ አጠፍከው። የሙሽራዋ እናት ጮኸች። እማዬ «ግራኝ ስለሆነ ነው፣ ግራኝ ነው!» ብላ ዋሸች። አጎታችን በሙሽራ ልብሱ ተነሥቶ ጆሮህን እስኪቀላ ቆነጠጠህ፤ «ገና ትዳሬን ሳልቀምስ ቀበርከኝ አንተ!» እያለ። አንተ እያለቀስክ እኔ ጋ መጥተህ «እትዬ፣ ወዴት ነው የሚታጠፈው?» አልከኝ። እጅህን ይዤ አሳየሁህ። ደስ ሲልህ ወደ ራስህ፤ ስታዝን ወደ ውጪ። ከዚያ ወዲያ እስክትሄድ ድረስ ቅጠል ባጠፍክ ቁጥር ቀና ብለህ መጀመሪያ እኔን ታየኝ ነበር። ጢም አውጥተህም እንኳ ታየኝ ነበር።

ዘንድሮ ፓያሳሙን ያማሰልኩት እኔ ነኝ። እማዬ እሳት ፊት መቆም አትችልም። እግሯ አብጧል፣ ከአልጋዋ እስከ ወጥ ቤቱ አግዳሚ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ብሏል። እሷ ግን ሐኪሙን «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» አለችው፤ ሰውዬው መላጣ ነው።

ወተቱን ያመጣችው ጎረቤታችን አምቡጃም ናት፤ ያቺ ላሟን ከባሏ አብልጣ የምትወደው። ጧት በዝናብ ጣሳዋን ከድና ከች አለች።

«ዓመቱን ሙሉ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ፣ አልዋሽም፤ ለሱዴቫን ልደት ግን ላሟ ትመስክር፣ ጠብታ የለበትም!» አለችኝ።

«ዓመቱን ሙሉ እንደምትጨምሪበትማ ቦዩም ይመሰክራል፤ ዝናቡ ባይደርስለት ደርቆ ነበር» አልኳት።

ስቃ ስቃ ስታበቃ ጣሳውን እየገለበጠች፣ ዓይኔን ሳታይ «ዘንድሮም ቅጠል ታነጥፉለታላችሁ?» አለችኝ።

«ለምን አናነጥፍለትም?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

እንዲያው ነው! ሰው «እንዲያው ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አጣሁት ብለህ ነው? በየዓመቱ ጠያቂው በዛ። አንድ ሰሞን «ወሬ አለ ወይ?» ይሉኝ ነበር። ቀጥሎ «እናትሽ እንዴት ናት?» ማለት ጀመሩ። አሁን ደግሞ ቅጠሉ በዛባቸው። አምቡጃምን በጣሳዋ ልላት ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ግን ወተቷ በእውነት ውሃ አልነበረበትም።

ያችን ሰፊዋን የነሐስ ድስት አወረድኩ። ክብደቷን ታውቀዋለህ። የኮኮናት ልጣጩን አቀጣጥዬ፣ ወተቱንና ውሃውን ጥጄ፣ ሩዙን አጥቤ ጨመርኩ። እማዬ አግዳሚው ላይ ትራስ ተደግፋ የጦር አዛዥ ሆነች።

«አማስዪው እንጂ አትደባብሺው! ሥሩን ንኪ፣ ሥሩን! ወተት ሕፃን ነው፣ ዓይንሽን ካነሳሽ ያጠፋል።»

«እያማሰልኩ ነው እማዬ።»

«እሳቱ በዛ። ለማን ነው የምታስቸኩይው?»

«ስኳር ልጨምር?»

«ወይ የኔ ጉድ! ሩዙ ሳይበስል? ሩዝ ጥሬውን ስኳር ካየ ይግደረደራል፣ እስከ ነገ ብትቀቅዪው አይለሰልስም። ይህን ሳታውቂ ነው ፀጉርሽ የሸበተው?»

«ሄልስ?»

«ሄል! ወተት ሽቶ ምን ያደርግለታል? ወተቱ ራሱ እስኪያፍር ጠብቂ።»

«እስኪያፍር» የምትለዋን ታስታውሳለህ። ወተቱ በቀስታ ሲፈላ፣ ሲፈላ፣ ግማሽ ሲሆንና ነጭነቱ ለቅቆ ጉንጩ ሲቀላ ነው። አንተ ትንሽ ሳለህ ድስቱ ላይ አፍጥጠህ «እማዬ፣ ምን አድርጎ ነው የሚያፍረው?» ትላት ነበር። ትናንት ያንን አንስቼ ላስቃት ፈለግሁ፤ ቀና ስል ግን በሩን ነበር የምታየው። ተውኩት። ስልባቦቱን ወደ ውስጥ እየመለስኩ ማማሰሌን ቀጠልኩ።

ወተቱ ገና ሲያጋምስ አጎታችን አቹታን ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። የእማዬን እግር ዳሰሰ፣ «እትዬ፣ ዛሬስ ፊትሽ ጥሩ ነው» ብሎ ዋሸ፣ ደግፎ ወደ አልጋዋ ወሰዳትና «ቅጠሉ እስኪነጠፍ ጋደም በይ» አላት። ተመልሶ እኔ ጋ መጣና ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ያ አመጣጡ ገና ከጅምሩ አልጣመኝም።

«ቫትሰላ፣ ስሚኝ» አለኝ። «ዛሬ በዓል ነው፣ አውቃለሁ። እሷ ፊት ግን አልችልም።»

«ምኑን ነው የማይችሉት?»

«እርሙን እናውጣለት።»

«የማንን?»

«አታሹፊ።»

«አጎቴ፣ ትኩስ ወተት ፊት ነው የተቀመጡት፤ ጭልፋውም እኔ እጅ ነው። አነጋገርዎን ይጠንቀቁ።»

ፈገግ አለ። መልሶ ግን ፊቱ ጨለመ። እንዲህ አለኝ፦ ከሣር ሰው ይሠራል፤ ያንተን ቁመት ያክላል። ከሻንጣህ የመጣው ልብስ ይለብሳል፣ በወንዙ ዳር ይቃጠላል፣ አመዱ በውሃ ይሄዳል። ወንድ ልጅ ስለሌለህ የአጎታችን ልጅ ራጌሽ ሥርዓቱን ያደርስልሃል። ኮከብ ቆጣሪው አይቶታል፤ ነፍስህ ውሃ ላይ ተንጠልጥላ «ልቀቁኝ» ትላለች።

«የትኛው ኮከብ ቆጣሪ?» አልኩት። «ያ ሱዴቫን ሲሳፈር ‹ውሃ ያበለጽገዋል› ያለው? እሱው ራሱ ነው ዛሬ ‹ውሃ ወሰደው› የሚለው? ጎሽ! ውሃና እሱ ተማክረው ነው የሚሠሩት ማለት ነው።»

«ኮከብ ቆጣሪው ገደል ይግባ!» አለኝ። ድምፁ ተሰበረ። «እኔ እሷን ነው የማየው። መሞት ትፈልጋለች ቫትሰላ። ዝግጁ ናት። ግን መሞት አቃታት። ‹መጥቶ ቢያጣኝስ› ትላለች። ከደከማት ቆየ እኮ! ባለፈው ሳምንት እጄን ይዛ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹አቹታ፣ በሩን መጠበቅ ሰለቸኝ፤ ቫትሰላ እንዳትሰማኝ› አለችኝ። ልቀቂያት።»

«እኔ ነኝ እንዴ የያዝኳት?»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ። እሷ ላንቺ ስትል ትጠብቃለች፤ አንቺ ለሷ ስትይ ትጠብቂያለሽ። ልጁ እንደሞተ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።»

ሱዴቫን፣ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል። ለሁሉም መልስ ነበረኝ። አፌን ታውቀዋለህ፣ መልስ አጥቶ አያውቅም። ያኔ ግን ማማሰሌን አቆምኩ። ጭልፋውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ «እኔስ ቁርጤን አውቄዋለሁ፣ እማዬን ማን ይነግራታል» እያልኩ፣ ለሷ ስል ቅጠሌን ወደ ራሴ ሳጥፍ፣ እሷ ደግሞ ለኔ ስትል ስታጥፍ ኖረናል ማለት ነው። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ሌላዋን ላለማስለቀስ ብለን፣ ባዶ ቤት ውስጥ እየተዋሸን። በማን እንደምናደድ አጣሁ። በአንተ ተናደድኩ፣ አልዋሽህም።

«ቫትሰላ! ወተቱ!»

እማዬ ነበረች። ከአልጋዋ ላይ ሽታው ደርሷት። ድስቱን ሳየው አርሯል፤ ቡናማው ከሥር ወደ ላይ መጣ። እኔ ደንግጬ ሥሩን ልፍቅ ስል እማዬ ግድግዳውን ይዛ፣ ማንም ሳይደግፋት፣ በሩ ላይ ቆማለች። ግድግዳው ደግሞ ሰሌን ነው። ሁሉን እንደሰማች ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ሥሩን አትንኪው» አለችኝ በቀስታ። «ከነካሽው ምሬቱ ሁሉን ያዳርሳል። ከላይ ከላዩ ቅጂና ወደ ሌላ ድስት ገልብጪ። ሥሩ እንዳለ ይቅር።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሩዙን በሁለት ጣቷ ደቀቅ አድርጋ አይታ «አሁን ስኳሩን» አለች። ጨመርኩ። ወተቱ አፈረ። አጎታችን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ብቀምሰው በወደድኩ፤ ግን ታውቃለህ፣ ቅጠልህ ላይ ሳይደረግ ማንም አይቀምሰውም። ይማረር ይጣፍጥ ሳላውቅ ነው የተሸከምኩት።

መብራቱን አበራሁ። ቅጠልህን ጫፉን ወደ ግራ አድርጌ ከፊቱ አነጠፍኩ። ለእኛም አነጠፍኩ። ከሁሉም አደረግሁልህ፤ የሙዝ ጥብስህን፣ የዱባውን ወጥ፣ በቃሪያ የተቀመመውን ማንጎ። በመጨረሻ ፓያሳሙን በጭልፋ አፈሰስኩልህ። በቅጠሉ ላይ ሲሮጥ እማዬ እንደ ልማዷ በሩዝ ግድብ ሠራችለት። አንተ ነበርክ ይህን የምትሠራው፤ ግድቡ ሲፈርስ የምትስቀውም አንተ።

እማዬ ያንተን ድርሻ ቀስ ብላ በላች። ብዙ ጊዜ ትቀምስና ታቆም ነበር፤ ትናንት ግን ፓያሳሙን አንድ ጠብታ ሳይቀር በጣቷ ጠርጋ ጨረሰችው። ጭስ ጭስ ይል ነበር። አጎታችን «ጣፋጭ ነው» አለ።

ከዚያ እማዬ እጇን ቅጠልህ ላይ አደረገች። ወደሷ ካለው ጠርዝ ያዘችው። እኔ ለምዶብኝ የራሴን ላጥፍ እጄን ዘርግቻለሁ። እሷ ጠርዙን አነሳችና፣ ቀስ አድርጋ፣ ከራሷ አርቃ ወደ መብራቱ አጠፈችው። ወደ ውጪ። በእጇ ተጫነችው፤ እንዳይከፈት።

በኦናም፣ ሱዴቫን! አገር ምድሩ ቅጠሉን ወደ ራሱ በሚያጥፍበት ቀን። በልደትህ።

መጀመሪያ የጮኸው ማን ይመስልሃል? እኔ አይደለሁም። አጎታችን ነው። ያ «እርሙን እናውጣ» ሲለኝ የነበረው ሰው እንደ ሕፃን በጉልበቱ ድኾ ሄዶ እጇን ያዘ።

«እትዬ! እትዬ፣ ተሳስተሻል! ወደዚህ ነው፣ ወደ ራስሽ ነው! ልክፈተው፣ አሁኑኑ እናስተካክለው፣ ማንም አላየም!»

«አልተሳሳትኩም አቹታ» አለችው። «ከፈለግህ ጆሮዬን ቆንጥጠኝ።»

አጎታችን ግንባሩን ጭኗ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ሽበታም ሰው «እትዬ፣ እትዬ» እያለ። እሷ ራሱን ታሻሽ ነበር፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «ቫትሰላ፣ ደከመኝ ልጄ» አለችኝ። «አንቺም ደክሞሻል።»

የኔን ቅጠል አላጠፍኩትም። ወደ ራሴም፣ ወደ ውጪም። አጥፎ መነሳት ነው ደንቡ፤ እኔ ግን እንደተከፈተ ትቼው ወደ ጓሮ ወጣሁ። እዚያ ነው ያለቀስኩት፣ ዳክዬዎቹ ፊት። የሚገርምህ ነገር፣ ያስለቀሰኝ ሞትህ ብቻ አይደለም። የአጎታችን «እትዬ» ነው። ያን ቃል እኔን የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቫትሰላ ይለኛል፤ ልብስ ልታሰፋ የምትመጣዋ ሁሉ «ባለ መኪናዋ» ትለኛለች። ወንድም የሌላት እህት ምን ተብላ ትጠራለች? ሰባት ዓመት ሙሉ አንተን ብቻ ሳይሆን ስሜንም ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አሁን ሁለታችሁም ሄዳችሁ።

ስመለስ ያረረው ድስት ምድጃው ላይ ቀዝቅዟል። በየዓመቱ እማዬ «የድስቱ ሥር የሱዴቫን ነው» ብላ ከድና ታስቀምጠዋለች፤ እስከ ማግሥቱ ማንም አይነካውም። ትናንት ግን «ውሃ ሙዪበትና ይራስ፣ ነገ ታጥቢዋለሽ» አለችኝ።

ውሃውን ቀዳሁ። ማፍሰስ አቃተኝ። ቁጭ ብዬ በማንኪያ ፍቄ በላሁት። ጥቁር ነው፣ ይጣበቃል፣ ያንቃል። ሱዴቫን፣ በእናትህ፣ ይህን እንዴት ትወደው ነበር? ድስቱ ውስጥ ጭንቅላትህን ከትተህ ስትፍቅ፣ ከኔ ጋር ስትጣላበት፣ ማር የምትልስ ነበር የምትመስለው። እኔም ሁልጊዜ ለቅቄልህ ስነሳ ውለታ የዋልኩልህ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ምናልባት አንተም አትወደውም ነበር። ምናልባት ከላይ ያለው ለኔና ለእማዬ እንዲበቃ ብለህ ነው። የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ ከእንግዲህም አላገኝም። ድስቱን ግን እስኪያበራ ፍቄዋለሁ፣ ውሃ አላስፈለገውም።

አሁን የዚህን ደብዳቤ አድራሻ ልንገርህ።

ሣሩን ትናንት ከሰዓት ራጌሽ አጭዶ አመጣው። እኛው ጓሮ ዘርግቶታል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ለማድረቅ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቁመትህን ሲጠይቀኝ መሬት መሬት እያየ ነው። «በሩ ጋ ሲቆም ግንባሩን ይመታው ነበር» አልኩት። ሄዶ በሩን ለካ። አጎታችን ከሻንጣህ ያንን ሰማያዊ ሸሚዝ መርጧል። እማዬ እንቢ አለች፤ «እሱን አይወደውም፣ አንገቱን ይበላዋል» ብላ ነጩን አወጣች። ከሣር ለተሠራ ሰው የሚመቸውን ሸሚዝ ስትመርጥ ሳይ «ምን ልዩነት አለው» ልላት ነበር፤ ግን ትክክል ናት፣ ሰማያዊውን አትወደውም ነበር።

ደብዳቤው እዚያ ነው የሚሄደው። በነጩ ሸሚዝ ኪስ፣ በደረትህ በኩል። ለራጌሽ ነግሬዋለሁ፣ «እሳቱን ከማቀጣጠልህ በፊት ኪሱን ዳስስ፤ መኖሩን እይ» ብዬዋለሁ። ፖስታ ቤት ካላደረሰልኝ እሳት ያድርስልኝ። እሳቱም ባያደርስልኝ መቼም የምከሰው የለም።

እማዬ ዛሬ ጧት በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታው ተኝታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እንቅልፍ ወስዷት። አጎታችን ያለው እውነት ነው መሰለኝ፤ ብዙ አትቆይም። ስትመጣልህ እግሯን አሸት አሸት አድርግላት። ስለ ድስቱ ሥርም ጠይቃት፤ እውነቱን ለሷ ትነግራታለህ።

ምናልባት፣ ምናልባት ብቻ፣ በአንድ የማይታወቅ ወደብ ተቀምጠህ ከሆነና አንድ ቀን ብትመጣ፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩህ። ስድብህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን አትመጣም። ይህን የጻፍኩት እጄ እንዲለምደው ነው። አትመጣም።

ወረቀቱ አልቋል። አጥፌ ለራጌሽ መስጠት ነው የቀረኝ። መጀመሪያ ሳጥፈው ወደ ራሴ ሆነብኝ። ፈታሁት። ደግሜ ሳጥፈው ያው ወደ ራሴ። ለካ እኔም እንዳንተ ሳጥፍ ቀና ብዬ እማዬን አይ ኖሯል፤ አሁን ግን እሷም ፊቷን አዙራለች፣ ቀና ብዬ የማየው የለኝም። በሦስተኛው አስተካክለዋለሁ፤ ወደ ውጪ።

ደህና ሁን።

አንተ እትዬ ያልካት፣
ቫትሰላ